የሲጢጥታው መነሻ፦ አሮጌ ሳይክል ይዤ መርካቶ የሰነበትኩባቸው ቀናት

የትምህርት ቤቱ ልጆች ስለ መርካቶ ሲጠይቁኝ የነገርኳቸው አብዛኛው ውሸት ነበር። መርካቶን ያየሁት አንዴ፣ በሰባት ዓመቴ፣ ከአባቴ ኋላ ተደብቄ ነው፤ ትዝ የሚለኝ የአባቴ የኮት ጫፍ ብቻ ነው። የቀረውን ከራሴ ጨምሬ ነው ያወራኋቸው። አሁን ግን ሄጄ፣ ሰንብቼ ተመልሻለሁ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ቡታጅራን እንኳ የሚያዩት በገበያ ቀን ነውና እውነቱን ልጻፍላቸው። ደስ የሚል ወሬ እንዳይጠብቁ ግን ከወዲሁ እነግራቸዋለሁ።

የሄድኩት ለሳይክል ነው። ትምህርት ቤቱ ከቡታጅራ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይርቃል። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ መኪና የሚገኝበት በገበያ ቀን ብቻ ሲሆን ባጃጅ ድንጋዩን ፈርቶ አይገባበትም። እኔ እዚያ የቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነበርኩ። ቤተ መጻሕፍት ያልኩት አንድ ክፍል ነው፤ ሦስት መደርደሪያ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጀርባቸው የተገነጠለ መጻሕፍት። ከአሥረኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ሹመት የለም። ግጥም ማንበብም መጻፍም የጀመርኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። የማድረው ቡታጅራ፣ ከእናቴና ከአልጋ ከማይነሳው አባቴ ጋር ስለነበር፣ ከሥራው ጋር የሚያገናኘኝ የአባቴ አሮጌ ማውንቴን ሳይክል ብቻ ነበር።

ሳይክሉ ከክረምት ጀምሮ ሲጢጥ ማለት አመጣ። ቀኝ እግሬ ሲወርድ፣ ሲጢጥ። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ፣ ሲጢጥ። ከዚያ ፔዳሉ እየከበደ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ጭራሽ ተይዞብኝ እየገፋሁት አርፍጄ ደረስኩ። ሁለተኛው ቀን ዳይሬክተራችን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ልጆቹ መጥተው ተዘግቶ ሲያገኙት መምጣት ይተዋሉ" አለኝ። "ይኸው የአጋማሽ ዕረፍት ነው። ሳይክልህን አሠራ። ትምህርት በሚጀመርበት ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ከፍተህ ጠብቀኝ። በዚያው ካልቀጠልክ ቁልፉን እዚሁ መንደር ለሚያድር ሰው መስጠቴ ነው። አትቀየመኝ።"

አልተቆጣም። የፈራሁትም አለመቆጣቱን ነው።

የቡታጅራ ሠራተኞች ሳይክል ያውቃሉ፤ የሚያውቁት ግን ባለ አንድ ካምቢዮ የሕንድ ሳይክል ነው። የኔን ፔዳል ከነክንዱ ሊነቅሉ በመዶሻ ታገሉትና ተዉት። "መንቀያ ይፈልጋል፤ መንቀያው ደግሞ መርካቶ ነው" ብለው ሸኙኝ።

ሐሙስ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ሳይክሉን ጣሪያ ላይ እየሳበ፣ "ሳይክል ነው አይደል?" ብሎ ጮኸ።

"ነው።"

"ታዲያ ለምን አትነዳውም? እኛ ላይ የምትጭነው?"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ። ሳይክሉን በበርበሬ ጆንያዎች መሃል አሰረው። አዲስ አበባ ደርሰን ሲወርድ መሪው ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ኮርቻው በርበሬ ለብሶ ነበር። ስገፋው አስነጥሳለሁ፣ ሳስነጥስ መሪው ይዞራል፣ መሪው ሲዞር ሰው እገጫለሁ። መርካቶ የገባሁት እንዲህ ነው።

ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር ሰው ሳይክል ይዞ ሲሄድ ያዩት እንደሆነ "ወዴት ነህ?" ይሉታል። መርካቶ ግን "ስንት ነው?" ነው የሚሉት። ከአውቶቡስ ተራ ምን አለሽ ተራ እስክደርስ ስድስት ሰው ጠየቀኝ።

"አይሸጥም።"

"ካልሸጥከው ምን ያዞርሃል?"

አንዱ ጭራሽ ሳይክሉን ሳይሆን ፔዳሎቹን ብቻ ነው የፈለገው። ሌላው ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ በጣቱ አሽከረከረና "ይቺን ብቻ" አለኝ። አንድ ነገር እንዳለ፣ ሙሉ ሆኖ የሚታይበት ቦታ አይደለም። ሰዉ ዐይኑ ውስጥ መፍቻ አለው።

የምሄደው የእናቴ የአክስት ልጅ ወደሆነችው ወደ እትዬ ልኬለሽ ነበር። ምን አለሽ ተራ ውስጥ ያገለገለ ብሎን ትሸጣለች። ቦታውን ለማግኘት ጆሮ ይበቃል። ቡታጅራ አንድ ቀጥቃጭ ሲመታ ሰፈሩ ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። እዚህ መቶ መዶሻ በአንዴ ይወርዳል፤ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል፣ የመኪና በር የቆሻሻ ማፈሻ ይሆናል፤ ድምፁ በረዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ነው፣ ግን አያባራም።

እትዬ ልኬለሽ ለሁለት በተሰነጠቁ ጀሪካኖች ተከባ ተቀምጣለች። በየጀሪካኑ ብሎን አለ፤ በውፍረት፣ በርዝመት፣ በጥርስ ተለይቶ። እያወራች፣ ሳታይ፣ በጣቷ ዳብሳ ትለያለች።

"አንተ ነህ? ያ ሁሉ ቁመት ከየት መጣ?" አለችኝ ቀና ብላ። "አባትህ እንደሆነ ከኔ አይበልጥ!"

"ከእናቴ ወገን ነው ይላሉ፣ እትዬ።"

"እኛንማ ታየናለህ" ብላ ሳቀች። እውነትም ቁጭ ብላም ቆማም ያው ናት።

ቤቷ ከአማኑኤል ጀርባ ነው። አንድ ክፍል፣ በላዩ በእንጨት መሰላል የሚወጣ ቆጥ። ቆጡን ለኔ ለቀቀችልኝ። ሳይክሉን ደጅ ላቁመው ስላት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው።

"ደጅ ካደረ ጠዋት የምታገኘው ቦታውን ነው!"

ሳይክሉ ቤቱን ሞላው። ያመጣሁላትን ቆጮ በጎመን ሠርታ ስትበላ ጀርባዋን ለኋላው ጎማ አስደግፋ ነው። እኛ ቤት ሦስት ክፍል አለ፤ እናቴ ግን እንግዳ ሲመጣ የት ላስተኛው ብላ ትጨነቃለች። እትዬ ልኬለሽ ያላት ቦታ አንድ እርምጃ ነው፤ አልተጨነቀችም።

ዓርብ

እትዬ ልኬለሽ ጠዋት ወደ ጋሽ ሰይድ ወሰደችኝ። የወሎ ሰው ናቸው፤ በምድጃ ሠሪና በወንፊት ሠሪ መካከል ባለች በረንዳ ላይ አርባ ዓመት ሳይክል ጠግነዋል። በመዶሻው ጩኸት የተነሳ ጆሯቸው ደክሟል።

"ጋሼ፣ የእህቴ ልጅ ነው። ሰኞ ሥራ መግባት አለበት" ብላ ወደ ጆሯቸው ጮኸች።

"አብሽሪ! ሰኞ ሩቅ ነው።"

ሳይክሉን በገመድ ከበረንዳው አግዳሚ ላይ ሰቀሉትና ረጅም ካቻቢቴ አነሱ። የሚፈቱ መስሎኝ ነበር። አልፈቱም። የካቻቢቴውን ጫፍ የፔዳሉ መሃል ላይ ተከሉና እጀታውን በጥርሳቸው ነከሱት። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

የሆነውን በዐይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ምድጃ ሠሪው መዶሻውን አየር ላይ አስቀረው። ወንፊት ሠሪውም አቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ከዚያም ወዲያ ያለው። ሰባት ስምንት ሰው መዶሻውን ይዞ ዝም አለ። ጋሽ ሰይድ በግራ እጃቸው ፔዳሉን ቀስ ብለው አዞሩ። ዐይናቸውን ጨፍነዋል። የሚሰሙት በጥርሳቸው ነው። እጃቸውን ሲያወርዱ መዶሻው ሁሉ እንደገና ወረደ።

"ኩሽኔታው ውስጥ ባዕድ ነገር አለ" አሉ።

መንቀያውን አስገብተው የፔዳሉን ክንድ ሲያወጡት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቡታጅራ ሁለት ሰው ግማሽ ቀን የታገለበት ነገር ነው። የመሃሉን ኩሽኔታ ከፈቱ። ብዮቹ ቢጫ በሆነ፣ አፈር በለወሰው፣ በተጋገረ ነገር ውስጥ ተቀብረዋል። ጋሽ ሰይድ በጣታቸው ጠረግ አድርገው አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። ከዚያ ወደ ምድጃ ሠሪው ዞሩ።

"ና እስቲ አንተ ሰውዬ! ና አሽት!"

ምድጃ ሠሪው አሽትቶ በሳቅ ወደቀ። "ቅቤ! ጋሼ፣ ክትፎ ሊያደርገው ነው እንዴ?"

"የጉራጌ ልጅ መሆኑን መታወቂያ ሳይጠየቅ አወቅነው" አለ ወንፊት ሠሪው።

እውነት ነው፤ ቅቤ ነው። በክረምቱ ግራሶ ፈልጌ አጣሁ። እናቴ ለጭንቅላቷ ያስቀመጠችው ቅቤ ነበር። የራስ ቆዳ የሚያለሰልስ ነገር ብረት አያቅተውም ብዬ፣ የሚከፈተውን ሁሉ ከፍቼ፣ በማይከፈተው ውስጥ ቅቤውን አቅልጬ በክፍተቱ አፍስሼ፣ ሳይክሉን ከፊት እስከ ኋላ ቀብቼው ነበር። ለአንድ ሳምንት እንደ ሐር ሄደ። ከዚያ ቅዝቃዜ መጣና ረጋ፤ አቧራ መጣና ጋገረው። ይህን ስናገር እትዬ ልኬለሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የሳቀች መስሎኝ ነበር፤ አፍራ ኖሯል።

"አትሳቁበት!" አለች። "እኔም በልጅነቴ የበሩን ማጠፊያ በቅቤ ቀብቼ አውቃለሁ።"

ያን ቀን ሙሉ ቅቤ አወጣን። የመሃሉን፣ የፊት ጎማውን፣ የኋላ ጎማውን፣ የመሪውን። ብዮቹን በናፍጣ አጥቤ በጨርቅ ላይ ሳሰጣቸው ጋሽ ሰይድ አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ብርሃን ያያሉ፤ ፊቱ የተጫረውን ይጥላሉ። የግራው ፔዳል ወደ ተቃራኒ እንደሚጠብቅም ያን ቀን ተማርኩ። እስከዚያ ድረስ ላጠብቀው ብዬ ስንት ጊዜ እንዳላላሁት እግዜር ይወቅ። ስድስት ሰዓት ላይ ለጁምዓ ሶላት ሄዱ፤ ሲሄዱ የተፈታውን ሁሉ በጆንያ ሸፍነው ጥለውልኝ ነው። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ምድጃ ሠሪው ፉል በዳቦ አስመጥቶ፣ "ቅቤ አይግባበት ብያለሁ" ብሎ አጎረሰኝ።

ከሰዓት ግራሶ ሞልተን፣ ገጥመን፣ እትዬ ልኬለሽ ከጀሪካኖቿ የመረጠቻቸውን ብሎኖች አጥብቀን ጨረስን። ጋሽ ሰይድ ፔዳሉን በአንድ ጣት መቱት። ዞረ፣ ዞረ፣ አልቆም አለ።

"ሂድ ነድተኸው ና።"

መርካቶ ውስጥ አይነዳም፤ ተሸክሜው እስከ ትልቁ መንገድ ወጣሁ። አዲስ የተሠራ መንገድ ነው፤ ከዳሩ ለሳይክል ብቻ ተብሎ ቀለም የተቀባ መስመር አለው። ሎሚ የሚሸጡ ሴቶችና ተቃቅፈው የሚሄዱ ጓደኛሞች ይሄዱበታል። ሳይክል እኔ ብቻ ነበርኩ። ረገጥኩ። ዝም አለ። እንደገና ረገጥኩ። ዝም። እኛ መንገድ ላይ ድንጋይ እየመረጥኩ የምሄድ ሰው ውኃ ላይ የምንሳፈፍ መሰለኝ። ሰኞ ጠዋት ታየኝ፤ በሩን ከፍቼ፣ አግዳሚውን ወልውዬ፣ ልጆቹ ሲመጡ። ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ አንዲት ሎሚ ሻጭ አማተበች።

አደባባዩን ዞሬ ስመለስ ትንሽ ዳገት አለ። ቀኝ እግሬ ወረደ።

ሲጢጥ።

ቅዳሜ

ለጋሽ ሰይድ ማታውኑ አልነገርኳቸውም። ቆጡ ላይ ሆኜ ግጥም ልጽፍ ሞክሬ ሦስት ስንኝ ጽፌ ሰረዝኩ። ጠዋት ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። የሰው መሳቂያ ከመሆን ይልቅ የሥራ ስህተት ነው የሚያሳፍራቸው።

ቅዳሜ መርካቶ መተንፈሻ የለውም። የቡታጅራ የገበያ ቀን ትልቅ ነው የምትሉ ልጆች፣ የኛ ገበያ እዚህ አንድ ተራ አይሞላም። በረንዳው ላይ ለመቆም ሰው መግፋት ነበረብን። ጋሽ ሰይድ ካቻቢቴውን ነክሰው እጃቸውን ሲያነሱ በዚህ ቀን ዝም የሚል አልተገኘም፤ ጎረቤቶቹ ቢያቆሙም ገበያው አላቆመም። በጆሮም በጥርስም አልሆነም። ስለዚህ ብሎን በብሎን ሄድን። ፔዳሎቹን ፈትተን ጥርሳቸውን ቀብተን መለስን፤ ሲጢጥ። የካቴናውን ጥርስ የያዙትን አምስት ብሎኖች ፈትተን አጠበቅን፤ ሲጢጥ። መሪውን፤ ሲጢጥ።

አምስት ሰዓት ገደማ ጋሽ ሰይድ ላባቸውን ጠርገው ጠየቁኝ።

"ቆመህ ስትረግጥ ይጮሃል?"

አሰብኩ። ዳገት ላይ ቆሜ የወጣሁባቸውን ጠዋቶች አሰብኩ።

"አይጮህም።"

"ተቀምጠህስ?"

"ተቀምጬ ነው የሚጮኸው።"

"ያ ረቢ!" አሉ። "ይህን ትናንት ነበር የምጠይቅህ። ቅቤው አታለለኝ። ጥፋት ሲገኝ ሁሌ ዋናው የተገኘ ይመስላል።"

የኮርቻውን ዘንግ ፈትተው ሳቡት። ቱቦው ውስጥ የገባው አንድ ጋት ያህል ብቻ ነበር። ከዘንጉ ላይ የጠመጠምኩትን የኤሌክትሪክ ፕላስተር ላጡት። ከሥሩ በብረቱ ላይ የተቀረጸ መስመር አለ።

"ይህ መስመር ምንድን ነው?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ከዚህ በላይ አታውጣ ማለት ነው። ማን አወጣው?"

እኔ ነኝ ያወጣሁት። አባቴ አጭር ነው፤ ለርሱ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ይሠራ ነበር። እኔ ስረግጥ ጉልበቴ አገጬን ሊመታው ይደርሳል። አባቴ አልጋ ከያዘ በኋላ ቁመቴን የሚያክል ልክ እስካገኝ ድረስ ዘንጉን ሳብኩት፤ እንዳይንሸራተት ደግሞ በፕላስተር ጠመጠምኩት። ምልክቱን የሸፈንኩት በገዛ እጄ ነው።

ጋሽ ሰይድ ዘንጉ የሚገባበትን ቱቦ አንገቱን በናፍጣ አጠቡት። ቀለሙ ላይ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር ነበረች። ጭረት ናት ብዬ ነበር ሁልጊዜ። ኮርቻውን መልሰው ገጠሙና "ተቀመጥበት" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ፀጉሯ አፏን ከፈተች። ስነሳ ዘጋች።

"ቴላዮው ተሰንጥቋል" አሉ። ቴላዮ የሚሉት አጥንቱን ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚታሰርበትን። "በረገጥክ ቁጥር የሚጮኸው ፔዳሉ ሳይሆን አጥንቱ ነበር።"

"ይበየዳላ።"

ከድምፅ ማጉያ የወጣ፣ በሽቦ የተንጠለጠለ ማግኔት አላቸው። ወደ ቴላዮው አስጠጉት። አልተጣበቀም፤ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"አልሙኒየም ነው። እዚህ ያለው እሳት ያቀልጠዋል እንጂ አያያይዘውም። የኔ ልጅ ብትሆን አላስነዳህም። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ለሁለት ይሆንና አንገትህን ይዞ ይሄዳል። ተወው።"

ለመተው ነው የመጣሁት? ሳይክሉን ከገመዱ አውርጄ፣ ለእሳቱ እንዲመች ከጎማዎቹ በቀር የሚፈታውን ሁሉ በረንዳው ላይ ፈታትቼ ጥዬ፣ ከተራው ጫፍ ወዳለው የጋዝ በያጅ ይዤው ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ከኋላዬ ሲጠሩኝ ሰምቻለሁ።

በያጁ የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። "የአልሙኒየም ድስት እበይድ የለ? ሳይክል ምኑ ይከብዳል!" አለ። እንዲህ የሚል ሰው ነበር የምፈልገው። እሳቱን ለኮሰው። ቀለሙ አረረ፣ ተቆረፈደ። ብረት ሲጋል ይቀላል፤ ቀይ ሆኖ ተጠንቀቅ ይልሃል። አልሙኒየም እንደዚያ አያደርግም። እንደነበረ ነጭ ሆኖ ቆየ፣ ቆየና በአንዴ እንደ ሻማ ጠብ አለ። ስንጥቁ የነበረበት ቦታ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሆነ።

በያጁ እሳቱን አጠፋ። መነጽሩን አውልቆ ቀዳዳውን፣ ከዚያ እኔን አየ። "በአላህ፣ ወንድሜ…" አለ። የተቀመጠበትን በርጩማ ለኔ አንስቶ ሰጠኝ፤ እርሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሰው ከላያችን ይረማመዳል። አንድ ሰው ቆሞ "ጎማው ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። በያጁ ነው የመለሰለት፤ ምን እንዳለው አልጽፈውም።

እትዬ ልኬለሽ ነገሩን የሰማችው ከሰዓት ነው። ሱቋን ቀድማ ዘግታ ሌላ ቴላዮ ፍለጋ ተራ ለተራ ስትዞር አምሽታ ነው የመጣችው። ሁለት አገኘች፤ አንዱ የልጅ ነው፣ አንዱ መኪና የሄደበት። የልጁን ተሸክማው መጥታለች። ጎማዬን አስጠግተን ለካነው፤ አይገባም። አሁንም አሁንም ለካችው።

ራት ቀርቦ ሳልበላ ስቀር እንዲህ አለችኝ።

"እዚህ ቅር። ብሎን ትለያለህ። እኔም ዐይኔ እየደከመ ነው። ቆጡ ያንተ ነው።"

ከልቧ ነው። ይህ ደግነት ከቀዳዳው ይበልጥ አስፈራኝ። በጀሪካኖቹ መሃል ራሴን አየሁት፤ ሳላይ በጣቴ ስለይ፣ አርባ ዓመት።

"ሰኞ በሩን መክፈት አለብኝ፣ እትዬ።"

"በምን ትደርሳለህ?"

"በእግሬ።"

እግሬን አየችው። አልሳቀችም።

እሑድ

የአማኑኤል ደወል ቀሰቀሰኝ። እትዬ ልኬለሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጋሽ ሰይድን በር ላይ አገኘቻቸው። ነጭ ለብሰዋል፤ ያለ ግራሶ ስላየኋቸው መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። ቅዳሜ በንዴት በረንዳቸው ላይ ጥዬው የሄድኩትን ሁሉ፣ ፔዳሉን፣ ካቴናውን፣ የመሪውን ኩሽኔታ፣ ለየብቻ በጨርቅ ጠቅልለው በፌስታል ይዘው መጡ። ጎማዎቹንም እዚያው ቁጭ ብለው ፈትሸው እንደገና አጠበቁ።

"ይህ ሁሉ ደህና ነው" አሉኝ። "አንተ ካረጀህ በኋላም ይዞራል። ቴላዮ ብቻ ነው የጎደለህ።"

እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። "ዘንጉን ግን" ብለው ጀመሩና ተዉት። ሊነግሩኝ የፈለጉትን እኔም አውቀዋለሁ።

ቴላዮውን ለድስት ሠሪዎች ተውኩት። ሁለቱን ጎማና ፌስታሉን ይዤ አውቶቡስ ስሳፈር ረዳቱ ሌላ ሰው ነው፤ ምንም አልቀለደም። እትዬ ልኬለሽ በመስኮት ስንቅ ሰጠችኝ፦ አምስት ጮርናቄ፣ አሁንም የሚያቃጥሉ። መንገዱን ሙሉ እጄ ላይ ይዣቸው ቀዘቀዙ። ቤት ስገባ አባቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ "ዝም አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሲጢጥታውን ነው። "ዝም ብሏል" አልኩት። አልዋሸሁም።

ሰኞ እና ከዚያ ወዲያ

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሩን ከፈትኩ። ዳይሬክተሩ ደረሰና ሰዓቱን፣ ከዚያ እስከ ጉልበቱ አቧራ የለበሰውን ሱሪዬን አየ።

"ሳይክሉስ?"

"መርካቶ ቀረ።"

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ማክሰኞም ደረስኩ። ረቡዕም። ሐሙስ ተረከዜ ተልጦ አሥር ደቂቃ አለፈኝ። በሁለተኛው ሳምንት በልጉ ጣለ፤ ከመንገዱ አጋማሽ ያለው ወንዝ ሞልቶ እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ስደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሁለት ልጆች በሩ ሥር ተጠልለው ነበር፤ ሌሎቹ ተመልሰዋል። ሁለቱን አስገብቼ፣ የሚያነቡትን አንብበው እስኪወጡ ጠብቄ ቁልፉን የዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። እርሱ እንዲጠይቀኝ አልፈለግኩም። መልካም ሰው ነው፤ መጠየቁ ይከብደው ነበር።

ቁልፉ ለሰሚራ ተሰጠ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ኋላ የምታድር ልጅ ናት። ላስረክባት አንድ ቀን ሄድኩ። የትኛው መደርደሪያ ምስጥ እንዳለበት፣ የትኛው መጽሐፍ መሃሉ እንደጎደለና ልጆቹ ሳያውቁ እንዳይዋሱት አሳየኋት። ቶሎ ገባት። ከኔ የተሻለ ጽሑፍ አላት።

ልወጣ ስል "አንተስ አትዋስም?" አለችኝ።

የውሰት መዝገቡን ከፈተች። አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ስም ስጽፍበት የኖርኩት መዝገብ ነው፤ የኔ ስም አንድም ቦታ የለበትም። በጥሩ ጽሑፏ ስሜን ጻፈች፣ የመጽሐፉን ርዕስ ጻፈች፣ መመለሻውን ቀን ጻፈች። እንደ ማንኛውም ልጅ ሁለት ሳምንት ሰጠችኝ።

ቀኑ ካለፈ ወር ሊሞላው ነው። መጽሐፉ እዚህ አጠገቤ አለ። አንብቤ ጨርሼዋለሁ።